ከመጽሐፍ ባሻገር ዕቃ ማዋስ፦ ለሰሜን ሸዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ፣ አንድ የንባብ አዳራሽና አንድ ጠባብ መጋዘን ላለው የከተማ ወይም የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዓላማውም የመጋራት ኢኮኖሚ የሚባለው አሠራር፣ ማለትም ሰው ዕቃውን ገዝቶ የግሉ ከማድረግ ይልቅ በሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ተገልግሎበት የሚመልስበት ሥርዓት፣ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዴት ሊሠራበት እንደሚችል ማሳየት ነው። ይህ አሠራር በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2008 የእንግዳ ማረፊያ ቤት የሚያከራየው ኤርቢኤንቢ፣ በ2009 ደግሞ ታክሲ የሚያገናኘው ኡበር ከተመሠረቱ በኋላ ነው፤ በአገራችንም በስልክ የሚጠሩት የራይድና የፈረስ ታክሲዎች ከዚሁ ወገን ናቸው። እነዚህ ግን ለትርፍ የሚሠሩ ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍት ያለ ክፍያ ያውሳል። ልዩነቱ ከመነሻው ግልጽ ካልሆነ ሥራው ሳይውል ሳያድር ወደ ዕቃ ማከራያ ሱቅነት ይለወጣል።

በሌላው ዓለም ቤተ መጻሕፍት ወደዚህ ሥራ የገቡት የስልክ መተግበሪያ ከመፈጠሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የሚገኘው የግሮስ ፖይንት ቤተ መጻሕፍት ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጅ መሣሪያ ሲያውስ ኖሯል፤ በካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ የበርክሌይ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የመሣሪያ ማዋሻውን የከፈተው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ለሰሜን ሸዋ ሰውም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የእድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ከዚህ ሥርዓት የተለዩ አይደሉም፤ የመንዝ ሕዝብም ጓሳ የተባለውን የሣር ምድር አስቦና ጌራ በተባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍሎ፣ ለዓመታት እየዘጋና በተወሰነ ጊዜ እየከፈተ በጋራ ሲገለገልበት ዘመናትን አስቆጥሯል።

ታዲያ ቤተ መጻሕፍቱ ምን ይጨምራል ቢባል፣ ሁለት ነገር ነው። እድር የሚያገለግለው አባሉን ነው፤ ቤት ተከራይቶ የገባው አዲስ ነዋሪ፣ ለትምህርት የመጣው ተማሪ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በደብረ ብርሃን የሚኖረው ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የእድር አባል አይደለም። የቤተ መጻሕፍት በር ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ሁለተኛው መዝገቡ ነው፤ ማን ምን ወሰደ፣ መቼ ይመልሳል የሚለውን በየቀኑ መጻፍ የለመደ ተቋም በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ የመጽሐፍ ውሰት መዝገቡ ያልተስተካከለ ቤተ መጻሕፍት ድሪል ለማዋስ አይነሣ። በቅድሚያ መጻሕፍቱን ይቁጠር፣ ያልተመለሱትን ይጠይቅ፣ ከዚያ በኋላ ወደሚከተለው ይለፍ።

ደረጃ 1፦ በከተማው ያለውን ማወቅ

የመጀመሪያው ሥራ ዕቃ መግዛት ሳይሆን ከተማውን ዞሮ ማየት ነው። የእድር ዳኞችን፣ የዕቃ አከራይ ሱቆችን፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁን፣ የአናጺና የብረታ ብረት ማኅበራትን በአካል አግኝቶ ማን ምን እንዳለው፣ ምን እንደሚያከራይና በየትኛው ወር እንደሚያጥር መመዝገብ ያስፈልጋል። ድንኳንና ወንበር ለቤተ መጻሕፍቱ መግዛት ስሕተት ይመስለኛል። ብዙ እድሮች አባል ላልሆነ ሰው እያከራዩ ጥቂት ገቢ የሚያገኙት ከዚሁ ነው፤ በነጻ የሚያውስ የመንግሥት ተቋም አጠገባቸው ከተከፈተ የሚጎዳው ራሱ መጋራቱ ነው። የሲሚንቶ ማቡኪያና የመሳሰለው ከባድ ዕቃም ለአከራዮቹ ይተው።

ለቤተ መጻሕፍቱ የሚቀረው ሦስት ባሕርይ ያለው ዕቃ ነው፦ አንድ ቤተሰብ በዓመት ከጥቂት ቀን በላይ የማይጠቀምበት፣ ለአንድ ጊዜ ሥራ ሲባል ቢገዛ የሚቆረቁር፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የሚችል። ይህ በየከተማው ይለያያል። ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ ነዋሪና ተማሪ ስለሚበዛ ድሪል፣ አጭር መሰላል፣ ውሃ ልክ፣ የካቻቢቴና የፒንሳ ስብስብ፣ ፕሮጀክተር፣ ካልኩሌተር ይፈለጋል። በመሐል ሜዳና በአካባቢው የበግ ጸጉር መሸለቻ መቀስ ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ባና እና ዝተት የተባሉት የአካባቢው ልብሶች የሚሠሩበት ጸጉር የሚሸለተው በዚሁ ነውና። ሸዋ ሮቢት ላይ የአትክልት ገበሬው የሚጠይቀው በጀርባ የሚታዘለውን የፀረ ተባይ መርጫ (የጀርባ መርጫ) ይሆናል፤ ስለ እርሱ ከታች እመለስበታለሁ።

በማንኛውም ከተማ ቢሆን ክራንችና ዊልቸር ከዝርዝሩ አይቅሩ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ይደገፍበታል፤ ከዳነ በኋላ ክራንቹ ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሰዎች ሲጠየቁ ለመስጠት አይሰስቱም።

ምርጫውን ሠራተኛው ብቻውን አይወስን። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳክራሜንቶ ቤተ መጻሕፍት በ2015 እ.ኤ.አ. የዕቃ ማዋሻውን ሲጀምር ምን ይገዛ ለሚለው ነዋሪውን ድምፅ አሰጥቶ ነበር። እዚህም መግቢያው ላይ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ማስቀመጥ፣ ለማይጽፉት ደግሞ እየጠየቁ መጻፍ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ የንብረት ተጠያቂነቱን ማስተካከል

ይህ ደረጃ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚቀረውም እዚሁ ላይ ነው። በመንግሥት ንብረት አያያዝ ሥርዓት አንድ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፤ ወጪ የሆነው ዕቃም በፈረመው ሠራተኛ ስም ይቆያል። ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ የሚያገኘው በስሙ ያለውን ሁሉ ሲያስረክብ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ከደመወዙ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ዕቃ በስሙ የተመዘገበበት ሠራተኛ ዕቃውን ለማያውቀው ሰው ከሚሰጥ ይልቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቆልፈው አይፈረድበትም። በየመሥሪያ ቤቱ ካርቶናቸው ሳይከፈት ያረጁ ዕቃዎች የዚህ ፍርሃት ውጤት ናቸው።

መፍትሔው ሠራተኛውን ደፋር ሁን ብሎ መምከር ሳይሆን፣ ውሰቱን ከወጪ የሚለይ አጭር የውስጥ ደንብ ማጽደቅ ነው። ደንቡ ቤተ መጻሕፍቱን በሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተፈርሞ፣ ግልባጩ ለንብረት ክፍልና ለፋይናንስ ይድረስ። ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ሊጎድሉት የማይገቡት አንቀጾች በሚከተለው መልክ ሊጻፉ ይችላሉ፦

«በዚህ ደንብ መሠረት ለሕዝብ የሚዋስ ዕቃ በቤተ መጻሕፍቱ ስም ይመዘገባል፤ ዕቃው በተዋሽ እጅ በሚገኝበት ጊዜ ተጠያቂው በውሰት መዝገብ ላይ የፈረመው ተዋሽ ነው።»

«በአግባቡ ሲያገለግል ያረጀ ወይም የተሰበረ ዕቃ በሦስት ሰው ኮሚቴ ታይቶ በቃለ ጉባኤ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ዋጋውም ከተዋሽም ሆነ ከሠራተኛ አይጠየቅም።»

«ተዋሽ ያጠፋውን ዕቃ በዓይነት ይተካል። መተካት ካልቻለ ውሳኔው የኮሚቴው ይሆናል።»

ከኮሚቴው አንዱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ አንዱ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ አንዱ ደግሞ በአካባቢው የሚከበር የእድር ዳኛ ወይም መምህር ቢሆኑ መልካም ነው። በዓይነት ይተካል የተባለውም በምክንያት ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ሲቀበል ሕጋዊ ደረሰኝ መቁረጥና ለፋይናንስ ገቢ ማድረግ ስላለበት፣ የአንድ ፑንታ (የድሪል መብሻ ጫፍ) ዋጋ ለማስከፈል የሚፈጀው ወረቀት ከፑንታው ይበልጣል። በዚሁ ምክንያት የገንዘብ መያዣም ሆነ የመዘግየት ቅጣት እንዲኖር አልመክርም።

ደንቡ ከመጀመሪያው ውሰት በፊት ታትሞ በግልጽ ቦታ ይለጠፍ። ጓሳ ለረጅም ዘመን ተጠብቆ የኖረው ማን እንደሚገባበት፣ መቼ እንደሚከፈትና የጣሰ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር ነው፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲላላ ሣሩም መጎዳቱ አልቀረም።

ደረጃ 3፦ ዕቃውን ማሰባሰብ

በመጀመሪያው ዓመት ከሃያ የማይበልጥ ዕቃ ይበቃል። በጀት ቢጠየቅ ጥሩ ነው፤ በጀት እስኪፈቀድ ግን በስጦታ መጀመር ይቻላል። ስጦታ ሲመጣ በዕለቱ በሞዴል 19 ገቢ ይደረግ፤ ለሰጪውም የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍለት።

ስጦታ ሁሉ ግን አይወሰድም። በተለይ ከአሜሪካ የሚላክ የኤሌክትሪክ ዕቃ ብዙውን ጊዜ በ110 ወይም በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ፣ የእኛ አገር 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ ከመቀበል በፊት ዕቃው ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ምልክት ትነበብ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለውም፣ 120 ብቻ ከሆነ በአክብሮት ይመለስ።

የማይዋሱም አሉ። የጀርባ መርጫ ፀረ ተባይና ፀረ አረም ተራ በተራ ስለሚሞላበት፣ በውስጡ የቀረው ቅሪት የቀጣዩን ሰው ሰብል ሊያደርቅ፣ የያዘውን ሰው ጤናም ሊጎዳ ይችላል። የሸዋ ሮቢት ገበሬ ቢጠይቅም መልሱ አይሆንም ነው፤ ጥያቄውን ለግብርና ጽሕፈት ቤት ማስተላለፍ ግን ተገቢ ነው። ብረት መቁረጫ ግራይንደር፣ የብየዳ መሣሪያና የጋዝ ሲሊንደርም እንዲሁ ከዝርዝሩ ይውጡ።

ደረጃ 4፦ እያንዳንዱን ዕቃ ለውሰት ማዘጋጀት

መጽሐፍ ሲመለስ ገጹ መሟላቱ በአንድ እይታ ይታወቃል፤ ዕቃ ግን ብዙ ተነቃይ ክፍል አለው። ለምሳሌ የድሪሉ ሣጥን ድሪሉን፣ ፑንታ ማጥበቂያ ቁልፉን፣ ባለ 6፣ ባለ 8 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፑንታዎችን ይይዛል። ቶሎ የምትጠፋው ያቺ ትንሽ ቁልፍ ናት፤ እርሷ ከሌለች ድሪሉ ምንም አይሠራም። ስለዚህ በሽቦ ወይም በጠንካራ ገመድ ከድሪሉ ገመድ ጋር ትታሰር። በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የክፍሎቹ ዝርዝር በትልቅ የእጅ ጽሕፈት ይለጠፍ፤ ፎቶግራፍ ቢጨመርበት ማንበብ ለማይችለውም ይረዳል። የዕቃው መለያ ቁጥር በቀለም ወይም በጭረት፣ በማይለቅበት ቦታ ላይ ይጻፍ።

ሲሰጥም ሲመለስም ዕቃው ተዋሹ ፊት ይፈተሽ። ድሪል ከሆነ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ለጥቂት ሰከንድ ይዞር፤ መብራት ከሌለ ያ ዕቃ በዚያን ቀን አይሰጥም፣ የመጣም እንደሆነ «ሳይፈተሽ ተቀበልኩ» ተብሎ ይጻፍ። ይህ ጥቃቅን ይመስላል፤ ሲሰጠኝም ተበላሽቶ ነበር የሚለውን ክርክር የሚያስቀረው ግን ይኸው ነው።

የበግ መሸለቻ መቀስ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የበግ እከክና ሌላም የቆዳ በሽታ ከአንዱ መንጋ ወደ ሌላው በመቀሱ ሊተላለፍ ስለሚችል፣ በተመለሰ ቁጥር የተጣበቀው ጸጉርና ቅባት በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በአልኮል ተወልውሎ፣ በመጨረሻም ዘይት ይቀባ። በረኪና ብረቱን ስለሚያዝግ አይመከርም። አንድ ቀን ሳያርፍ ለሌላ ሰው አይሰጥ።

ደረጃ 5፦ የተዋሹ መስፈርትና የውሰት ጊዜ

ብዙ ቤተ መጻሕፍት ለተዋሽነት የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ይጠይቃሉ። ይህ መስፈርት በአብዛኛው ዕቃውን በራሱ መግዛት የሚችለውን ሰው እያስገባ የቀን ሠራተኛውን፣ ተፈናቃዩንና የገጠሩን ሰው ያስቀራል። በምትኩ በደረጃ የሚያድግ እምነት እንዲሠራበት ሐሳብ አቀርባለሁ። የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ያለው ማንኛውም ሰው በመጀመሪያ መጽሐፍ ይዋስ፤ በጊዜው ከመለሰ የእጅ መሣሪያ፣ እርሱንም ከመለሰ ድሪልና ፕሮጀክተር ይፈቀድለት። ከመጀመሪያው ትልቁን ዕቃ ለሚፈልግ ብቻ የእድር ዳኛ፣ የሠፈር ሽማግሌ ወይም ሌላ መልካም የመመለስ ታሪክ ያለው ተዋሽ ዋስ ይሁነው። ክራንችና ዊልቸር ለሚፈልግ ግን ይህ ሁሉ ቅድመ ሁኔታ ይቅር።

ኮምፒውተር ባይኖርም መስመር የተሰመረበት ትልቅ መዝገብ ይበቃል፤ የዕቃው ቁጥር፣ የተዋሹ ስምና ስልክ፣ የወሰደበት ቀን፣ የሚመልስበት ቀን፣ ሲወጣና ሲመለስ የነበረው ሁኔታ፣ የሁለቱም ወገን ፊርማ ይስፈርበት። ኮምፒውተር ላለው ኮሃ የተባለው ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ዕቃንም እንደ መጽሐፍ ለመመዝገብ ያስችላል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ግን የወረቀት መዝገቡ አይተው።

የመመለሻ ቀን ሲወሰን ከገጠር የሚመጣው ሰው ከተማ የሚወጣው በገበያ ቀን መሆኑ ይታሰብ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ተብሎ የሚሰጥ ውሰት ይህን ሰው ወይ ያዘገየዋል ወይ ለመመለስ ብቻ የግማሽ ቀን መንገድ ያስኬደዋል፤ ከገበያ እስከ ገበያ ቢባል ግን ሁለቱም ወገን አይቸገርም። ለከተማው ነዋሪ ሦስት ቀን፣ ለፕሮጀክተር አንድ ሌሊት፣ ለክራንችና ለዊልቸር ሐኪሙ ያዘዘው ጊዜ ይበቃል።

ያዘገየ ሰው በመጀመሪያ በስልክ ይታወስ፣ ቀጥሎ ላዘገየው ጊዜ ያህል ከውሰት ይታገድ። ስሙን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ በቴሌግራም ቻናል ማውጣት ወይም ለሠፈሩ ሰው መናገር ፈጽሞ አይፈቀድም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የተገልጋይን መረጃ ለታለመለት ሥራ ብቻ ማዋል ሕጋዊ ግዴታም ሆኗል። ስለዚህ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ መሰብሰብም ይቅር፤ ታይቶ ቁጥሩ ከተጻፈ በቂ ነው።

ደረጃ 6፦ ቤተ መጻሕፍቱ ያልያዘውን ዕቃ ማገናኘት

በዚህ ደረጃ ቤተ መጻሕፍቱ ዕቃ ሳይገዛ አገልግሎቱን ማስፋት ይችላል። በደረጃ 1 የተሰበሰበው ዝርዝር በፊደል ተራ ይዘጋጅና የትኛው እድር ስንት ድንኳን እንዳለው፣ ማን መሰላል እንደሚያከራይ፣ የትኛው ኮሌጅ ለሕዝብ የሚሰጠው የጥገና አገልግሎት እንዳለ በአንድ መዝገብና በአንድ የቴሌግራም ቻናል ይቀመጥ። ዕቃው በባለቤቱ ዘንድ ይቆያል፤ ቤተ መጻሕፍቱ የሚይዘው ዝርዝሩን ነው። ኪራይ ካለ ሁለቱ ወገኖች በእጅም ሆነ በቴሌብር ራሳቸው ይጨርሱ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ገንዘብ አይንካ፣ ለማንም ዋስ አይሁን። ስማቸውና ስልካቸው እንዲወጣ የተስማሙት ብቻ ይመዝገቡ። በጥር የሠርግ ወቅት ድንኳን ሲጠፋ የዚህ ዝርዝር ጥቅም ይታያል።

ደረጃ 7፦ መጻሕፍቱን አለመርሳት

ዕቃ ማዋስ ሲደምቅ መጽሐፉ ሊረሳ ይችላል። በየቤቱ ልጆች ክፍል ካለፉ በኋላ የተቀመጡ ማጣቀሻና የማስተማሪያ መጻሕፍትን ባለቤትነታቸው ሳይለወጥ ለአንድ ዓመት በአደራ ተቀብሎ ማዋስ ለመጋራት የሚመች አሠራር ነው፤ በሰኔ መጨረሻ ባለቤቱ ከፈለገ ይወስዳል። መጽሐፍን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ወይም ስካን አድርጎ በቴሌግራም መበተን ግን መጋራት አይደለም፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው የሰጠውን መብት ስለሚጥስ ቤተ መጻሕፍቱ እጁን አያስገባበት። ኢንተርኔት ለሌለው አንባቢ ኪዊክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን አስቀድሞ አውርዶ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

ደረጃ 8፦ ጥገናና ዓመታዊ ቆጠራ

በየሦስት ወሩ ዕቃዎቹ ሁሉ ለአንድ ቀን ከውሰት ወጥተው ይታዩ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ጋር አስቀድሞ በደብዳቤ ከተስማሙ፣ ሠልጣኞቹ በአሠልጣኛቸው ክትትል የላላውን ሲያጠብቁ፣ የዶለዶመውን ሲስሉ ለእነርሱም ልምምድ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ገመዱ የተላጠ ዕቃ በፕላስተር ተጠቅልሎ አይመለስ፤ ገመዱ ይቀየር ወይም ዕቃው ይሰረዝ።

የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት በሰኔ በሚደረገው ቆጠራ ላይ፣ ከንብረት ቆጠራው በተጨማሪ ከመዝገቡ ሁለት ዝርዝር ይውጣ፦ በዓመቱ አንድም ጊዜ ያልተዋሱ ዕቃዎች፣ ሰው ጠይቋቸው ያልተገኙ ዕቃዎች። ለሁለተኛው ዝርዝር ሲባል ሠራተኛው «የለንም» ባለ ቁጥር የተጠየቀውን ዕቃ ስም በዚያው ደቂቃ በደብተር መጻፍ ይኖርበታል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሥራ ይህ ነው። ከመጀመሪያው ዝርዝር ያሉት በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ለትምህርት ቤት ወይም ለኮሌጅ ተላልፈው፣ ከሁለተኛው ዝርዝር በብዛት የተጠየቁት ሦስት ዕቃዎች ለቀጣዩ ዓመት የግዢ ጥያቄ ይቅረቡ።